የኦቦ ደገፋ ውክልና

አንድ ዓይኑ የጠፋ ሰው ስታዩ አብዛኞቻችሁ የምታስቡት በሽታ ወይም የልጅነት አደጋ ነው። እኔንም ሰው እንዲሁ አስቦ ያልፈኛል። ደፍሮ ለሚጠይቀኝ "ድንጋይ ነው" ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። ዛሬ ግን አልቀይርም። ድንጋዩን ማን እንደወረወረው፣ እንዲወረወር ያደረገው ቃል ከማን አፍ እንደወጣ፣ ከዚያም በኋላ የሆነውን እንደሆነው አድርጌ እነግራችኋለሁ። ፍርዱን ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ እኔ ራሴ እስካሁን አልቻልኩበትምና።

ማቴዎስ እባላለሁ። የሆሳዕና ልጅ ነኝ። አጎቴ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ስለነበር እሱ ዘንድ መጥቼ ተማርኩ፤ ከዚያም በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ገንዘብ ከፋይ ሆኜ ጥቂት ዓመታት ሠራሁ። የኋላውን ሥራዬን የወለደው እዚያ መስኮት ላይ ተቀምጬ ያየሁት ነገር ነው። የእርሻ መሬታቸው ለፋብሪካና ለመኖሪያ ቤት የተወሰደባቸው የፉሪና የሰበታ ገበሬዎች የካሳ ገንዘባቸውን እኛ ጋ ያስገቡ ነበር። መሬት ማረስ እንጂ ብር ማረስ ያስተማራቸው የለም። አንዱ አሮጌ ሚኒባስ ይገዛና በክረምቱ ገደል ይገባበታል፤ አንዱ ለወንድሙ ያበድርና ወንድሙንም ብሩንም ያጣል፤ አንዱ መጠጥ ቤት ይከፍትና የመጀመሪያው ጠጪ ራሱ ይሆናል። ይህን ማየት ሲሰለቸኝ ባንኩን ለቅቄ የእነዚህን ሰዎች ገንዘብ ማስተዳደር ጀመርኩ።

ሥራዬን ሳስረዳ ሁልጊዜ ከእቁብ እነሣ ነበር። "እቁብ የሁላችሁን ገንዘብ አንድ ላይ ይሰበስባል። የእኔ እንደሱ አይደለም" እላቸዋለሁ። የእያንዳንዱ ሰው ገንዘብ በራሱ ስም በተከፈተ ሂሳብ ይቀመጣል፤ ከማንም ጋር አይቀላቀልም። እኔ በውክልና አንቀሳቅሰዋለሁ እንጂ በስሜ የሚገባ ሳንቲም የለም። ከፊሉን የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮን እገዛበታለሁ። ሌላው ደግሞ ገበሬዎቹ "ድርብ ውል" ወደሚሉት ይሄዳል። ድርብ ያሉት ሁለት ነገር አብሮ ስለያዘ ነው። አብዛኛው ብር በጊዜ ገደብ ባንክ ይቀመጥና ቀኑ ሲደርስ ከነወለዱ መጀመሪያ የነበረውን ያህል ይሆናል። የቀረችው ትንሽ ድርሻ ለአንድ ቡና ላኪ ነጋዴ ትሰጣለች። የቡና ዋጋ ከወጣ ባለገንዘቡ ከትርፉ ይካፈላል፤ ከወረደ ያቺ ትንሿ ትጠፋለች፤ ዋናው ግን አይነካም። አንድ ክፉ ነገር ብቻ አለው፤ ቀኑ ሳይደርስ ከተሰበረ ጥበቃው ይፈርሳል፤ ከዋናውም ይጎድላል።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ኦቦ ደገፋ ነበሩ። ከፉሪ ተራራ ሥር የሚኖሩ፣ ፀጉራቸው የነጣ፣ ነገር ከመናገራቸው በፊት ረጅም የሚያስቡ ገበሬ። እሳቸው ካመኑኝ በኋላ ነው ሌላው ያመነኝ። ነገሩ ግን ከደንበኝነት አልፎ ነበር። ባለቤቴን ዮዲትን ሳገባ አባቴ ሩቅ ስለሆነና ስለታመመ ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ እሳቸው ናቸው። የዮዲት አባት "የልጁ ዋስ ማነው?" ብለው ሲጠይቁ ደረታቸውን መትተው "እኔ ነኝ፤ ልጄ ነው" አሉ። ያን ዕለት አባቴ በአካል ቢኖር ከዚያ የበለጠ አይልም ነበር።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። አዲስ አበባ ዙሪያዋን ያሉትን ከተሞች ልትውጥ ነው ተባለ። መሬቱ የሄደበትም፣ ነገ ይሄድብኛል ብሎ የሚፈራም አንድ ላይ ተነሣ። ቡራዩ መንገድ ተዘጋ ሲባል ሱሉልታ ይከተላል፤ ሱሉልታ ረገብ ሲል ሰበታ ይነሣል። ወታደር ይመጣል፤ ይተኮሳል፤ ይቀበራል፤ ከቀብር መልስ ሌላ ቁጣ ይነሣል። "ደላላ" የሚለው ቃል ያኔ ስድብ ብቻ አልነበረም። ሰው በመሬት ደላላነት ከተጠረጠረ ቤቱ ይነድ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ኦቦ ደገፋ ደወሉ።

"ማቴዎስ፣ ገንዘቤን አውጣልኝ። ዛሬ።"

"ኦቦ ደገፋ፣ መንገዱ ጥሩ አይደለም። ትንሽ ይረጋጋ።"

"የሚረጋጋ ይመስልሃል? ና ውሰደኝ።"

ዮዲት ሰምታ ነበር። "እንዳትሄድ" አለችኝ። "ትናንት ሰበታ ልጅ ተገድሏል። ዛሬ ሊቀብሩት ነው። በዚህ ቀን መኪና ይዘህ ትወጣለህ?"

"ሌላ ሰው ቢሆን አልወጣም ነበር።"

"እሱማ ነው" አለች። እሷም ታውቃለች፤ እሳቸው ሲጠሩኝ አልቀርም።

ኦቦ ደገፋ በራቸው ላይ ቆመው ነበር የጠበቁኝ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ከጎኔ ተቀመጡ። ሰላምታዬን እንኳ በቅጡ አልመለሱም።

"ሂድ፣ ንዳ።"

"ቀኑ ሊደርስ የቀረው ጥቂት ነው" አልኳቸው እየነዳሁ። "አሁን ከሰበርነው ይጎድልብዎታል። ትንሽ ብቻ ቢታገሡ ሙሉውን ያገኛሉ።"

"አንተ ቀን ትቆጥራለህ። እኔ ጭስ ነው የማየው። ከታች ያለው ፋብሪካ ነደደ። ነገ ባንኩ ቢነድስ?"

"ባንክ ቢነድ ሂሳቡ አይነድም። በአንቱ ስም የተመዘገበ ነው፤ ማንም አይነካውም።"

ወደ እኔ ዞር አሉ። "መሬቴንም እንዲሁ ብለውኝ ነበር። በስምህ ደብተር አለህ፣ ማንም አይነካህም አሉኝ። ደብተሩ አሁንም ቤቴ አለ። መሬቱ ላይ ግን ፋብሪካ ቆሟል።"

በባንክ ቤት ቋንቋ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። ጥቂት ከሄድን በኋላ "እሺ" አልኩ። "የአንቱ ገንዘብ ነው። ሰበታ እንደደረስን እንሰብረዋለን፤ የሚጎድለው ይጎድላል።"

ፊታቸው ፈታ አለ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው በኦሮምኛ መረቁኝ። ኦሮምኛዬ ያኔ ለገበያ ያህል ነበር፤ ምርቃቱን ሁሉ ባልይዘውም "ልጄ" የሚለውን ሰምቻለሁ። እጃቸው ገና ትከሻዬ ላይ እንዳለ ነው ኩርባውን ስንዞር መንገዱ ላይ የተጋደመውን ግንድ ያየሁት።

ከግንዱ ወዲያ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ጎማ ይጨሳል። ወደ ኋላ ልመለስ ማርሽ ሳስገባ ከኋላዬም ድንጋይ እያንከባለሉ ዘጉት። ወጣቶች ከበቡን። ብዙዎቹ ከቀብር የመጡ ነበሩ፤ ዓይናቸው ከለቅሶ ብዛት ቀልቷል። ጥቁር ጨርቅ ግንባሩ ላይ ያሠረ፣ ረጅም፣ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ወጣት ወደ መስኮቴ መጣ። ኦቦ ደገፋን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው። የጎረቤታቸው የኦቦ ገመቹ ልጅ ነበር፤ ለሚ ይባላል። እኔ ያኔ አላውቀውም። ሰላምታቸውን ሳይ ግን ልቤ መለስ አለ። "ከሚያውቃቸው ሰው ጋር ነው የተገናኘነው፤ ተረፍን" አልኩ በሆዴ።

"ውረድ" አለኝ በአማርኛ። ወረድኩ። መታወቂያዬን አየና መለሰልኝ። ድምፁ ቁጣ የለውም። "ዛሬ መኪና አያልፍም። ወንድማችንን ቀብረን ነው የመጣነው።"

"ነፍስ ይማር" አልኩ። "እመለሳለሁ። መንገዱን ብቻ ክፈቱልኝ።"

ሊያስከፍትልኝ ዞሮ ነበር። እምላለሁ፣ ዞሮ ነበር። ይኼኔ ከመሃላቸው አንዱ "ይኼን ሰው አውቀዋለሁ!" ብሎ ጮኸ። "ከገበሬ ቤት ገበሬ ቤት የሚዞር ነው! ካሳ የተቀበለ ሰው ቤት ሁሉ ይገባል! ደላላ ነው!"

ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። አንዱ አንገትጌዬን ያዘኝ። ለሚ እጁን አስለቀቀውና ፊት ለፊቴ ቆመ።

"ደላላ ነህ?"

"አይደለሁም። መሬት ሸጬ አላውቅም፤ አላሻሸጥኩምም። የሰው ገንዘብ ነው የማስተዳድረው።"

"የማንን?"

መልሱ አጠገቤ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። ግን ያን ሁሉ ሰው ፊት "የእሳቸውን" ብል ኦቦ ደገፋ ገንዘብ እንዳላቸው፣ የት እንዳለም ለመንደሩ ሁሉ ማወጅ ነው። በዚያ ቀን፣ በዚያ ቦታ! የሰው ምሥጢር የመጠበቅ ልማዴ አፌን ያዘኝ። እሳቸው ራሳቸው ቢናገሩ ይሻላል አልኩ። አንድ ቃል ይበቃል፤ "ልጄ ነው" ቢሉ ያበቃል።

"ኦቦ ደገፋን ጠይቃቸው" አልኩት።

ለሚ በመስኮቱ ጎንበስ አለ። "ኦቦ ደገፋ፣ ነምኒ ኩን ኤኙ?" ይህ ሰው ማነው ማለቱ ነው።

ጎማው ሲጨስ የሚንጣጣው ብቻ ይሰማል። ኦቦ ደገፋ አዩኝ። ከዚያ ከበው የቆሙትን ወጣቶች አንድ በአንድ አዩ። የማን የማን ልጆች እንደሆኑ ያውቃሉ፤ አብዛኞቹን ሲወለዱ ያውቃሉ። እንደልማዳቸው ረጅም አሰቡ። ከዚያ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አንሥተው ዱላቸው ላይ ጣሉት።

"ሂንቤኩ" አሉ።

አላውቀውም ማለት ነው። ይህን ቃል ለማወቅ ብዙ ኦሮምኛ አያስፈልግም። ቀጥለውም መንገድ ላይ አግኝቻቸው እንደጫንኳቸው፣ ከዚያ በፊት አይተውኝ እንደማያውቁ ተናገሩ።

"ኦቦ ደገፋ!" አልኩ። "እኔ እኮ ነኝ! ማቴዎስ!"

ቀና አላሉም። በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ አንዱ ወጣት ክንዳቸውን ደግፎ ግንዱን አሻገራቸው። እያየኋቸው ነው የመጀመሪያው ምት ከጀርባዬ ያረፈብኝ።

ድብደባውን ብዙ አልተርክላችሁም። ሰው ሲመታ መጀመሪያ ይናገራል፤ ቀጥሎ ይለምናል፤ ከዚያ ራሱን ይሸፍናል። እኔ ፊቴን ለመሸፈን የዘገየሁት ኦቦ ደገፋ ይመለሳሉ ብዬ መንገዱን እያየሁ ስለነበር ነው። ለሚ የወረወረው ድንጋይ ያገኘኝ እንዲህ እያየሁ ነው። ሲወረውር አይቼዋለሁ። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ የሆነ ነገር የተረጋገጠለት ሰው ፊት ነበር። ግራ ዓይኔ ውስጥ ነጭ ብርሃን ፈነዳ፤ ከዚያ ጨለማ ሆነ። ከተጋደምኩበት የመኪናዬ ነዳጅ ሲቀጣጠል ሙቀቱ ይሰማኛል።

ያዳነችኝ አንዲት ባልቴት ናት። ስሟን እስከዛሬ አላውቅም። ስንቄዋን፣ ያገቡ ሴቶች የሚይዙትን ቀጭን በትር ይዛ ከላዬ ቆመች። በእነሱ ወግ ሴት ስንቄዋን ይዛ ከመሃል ከገባች በዚያ ሰው ላይ እጅ አይነሣም። እየጮኸች ሰደበቻቸው። ዱላው ቆመ። አንዱ እንደ ልጅ አንገቱን ሲደፋ በቀረው ዓይኔ አይቻለሁ። በዚያው ቢያበቃ ኖሮ እኔም ዓይኔን ብቻ አጥቼ፣ ለሚም ቤቱ ገብቶ ያድር ነበር።

ወታደሮቹ የመጡት ያን ጊዜ ነው። ከሰበታ በኩል የመኪና ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው ተኩስ። ማስጠንቀቂያ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የመጀመሪያው ጥይት ወደ ሰማይ፣ ሁለተኛው ወደ ሰው እንደሆነ ነው የሚሰማኝ። ወጣቶቹ ወደ ማሳው ተበተኑ። ባልቴቷ አጠገቤ በደረቷ ተኛች። ተኩሱ ሲበርድ ከግንዱ አጠገብ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ለሚ። ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል፤ ተደንቆ የሚያይ ነው የሚመስለው።

ወታደሮቹ ግንዱን ገፍተው፣ እኛን ሁለታችንን ዘለውን አለፉ። እኔን ስለተመታሁ ሊያድኑኝ፣ እሱን ስለመታ ሊይዙት እንኳ አልቆሙም። ኋላ እነሱን ተከትሎ የመጣ የአሸዋ አይሱዙ ሾፌር ነው ባልቴቷ ስለለመነችው መኪናውን ወደ ሰበታ አዙሮ ከኋላ የጫነን። አሸዋው ላይ ጎን ለጎን አጋደመን። ዓይኔን ያፈሰሰው ሰው ትከሻ ትከሻዬን ነክቶ ነበር የሄድነው።

"ቢሻን" አለ ለሚ። ውሃ።

"የለም" አልኩት። "ሰበታ እንደደረስን።"

ቀጥሎ በአማርኛ "አንተ ነህ?" አለኝ። ደም ስለሸፈነኝ በድምፄ ነው የለየኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ዓይንህ ጠፋ?"

"መሰለኝ።"

መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ሁለታችንም ጮህን። እጁን ዘርግቶ እጄን ያዘኝ። ልገፋው ፈልጌ ነበር፤ ጉልበት አልነበረኝም።

"ደላላ ነህ?" አለኝ እንደገና።

"አይደለሁም።"

"እና ሽማግሌው…" ትንፋሹ ተቆረጠ። "ሽማግሌው አላውቀውም አሉ። ኦቦ ደገፋ አይዋሹም። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ያውቁሃል እንዴ?"

ያችን ቅጽበት ብዙ ጊዜ እመለስባታለሁ። "አዎ! ድሬያለሁ ብለው የመረቁኝ፣ ዛሬ ጠዋት ልጄ ያሉኝ ሰው ናቸው፤ አንተ ያጠፋኸው የንጹሕ ሰው ዓይን ነው" ብዬ ብነግረው ደስ ይለኝ ነበር። እየሞተ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያን ይዞ እንዲሞት ፈልጌአለሁ። ግን ጣቶቹ በረዱ። የሚቀዘቅዝ እጅ ይዞ እንዲህ ያለ ነገር መናገር አልሆነልኝም።

"አያውቁኝም" አልኩት።

"እ" አለ። እንደቀለለው ሰው። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ሰበታ ክሊኒክ ስንደርስ እጄን ከእጁ ያላቀቀው ነርሱ ነው።

እኔን ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ። ዓይኔን አወጡት። ሆስፒታል በተኛሁበት ጊዜ ሁሉ ደንበኞቼ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የማላውቃቸው ጎረቤቶች ሳይቀሩ መጡ። ኦቦ ደገፋ አልመጡም። ስልክም አልደወሉም። ዮዲት እንዳታለቅስ ወደ ግድግዳ እየዞረች "በሩ ሲከፈት ቀና አትበል" ትለኝ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ሳገግም የድርብ ውላቸው ቀን ደረሰ። የክፋቱን ነገር አስተውሉ። ያን ቀን ሰበታ ደርሰን ቢሆን ገንዘባቸው ጎድሎ ይወጣ ነበር። ስላልደረስን ሳይሰበር ቀነ ገደቡን ጨረሰ፤ ቡናውም ወጥቶ ስለነበር ትርፍ ጨመረ። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ይኼ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ባለውክልናው ሄዶ ካልፈረመ ውሉ ራሱን ያድሳል፤ ብሩ ለሌላ ዘመን ይቆለፋል። ምንም ማድረግ አያስፈልገኝም ነበር። አልጋዬ ላይ መተኛት ብቻ በቂ ነው፤ የታመመን ሰው ማን ይከስሳል?

"ተኛ" አለችኝ ዮዲት። ደግ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ፊቷ ድንጋይ ሆኖ ነበር። "ይቅመሱት።"

ፋሻዬን እንዳሠርኩ ባንክ ሄጄ ፈረምኩ። ደግነት እንዳይመስላችሁ። እኔን የካዱበትን ምክንያት ፈልገው ሲያጡ "እሱም እኮ ብሬን ይዞብኝ ነበር" የሚሉት ነገር እንዳይኖራቸው ነው። ገንዘቡን ሙሉውን በእጃቸው ብቻ ወደሚንቀሳቀስ ሂሳብ አስገብቼ፣ ውክልናዬን አንሥቼ፣ ወረቀቱን በሰው ላክሁላቸው።

ሽማግሎች ቤቴ የመጡት ገንዘቡ ከገባላቸው በኋላ ነው። ያን ጠብቀው ይሁን፣ ወይስ እንዲያው ተገጣጥሞ፣ አላውቅም። ሁለት አዛውንቶች፣ ኦቦ ደገፋ፣ አራተኛ ደግሞ ከሲታ፣ ጥቁር የለበሱ ሰው። እንደወጉ "እሺ ካላልክ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። ለመንኳቸው፤ ተቀመጡ።

ታላቁ ሽማግሌ ጀመሩ። "ልጃችን ማቴዎስ፣ ወንድማችን ደገፋ በዚያ ክፉ ቀን ደንግጦ ሮጦ ጥሎህ ሄደ። ሰው ነው፤ ፈራ። ሸሽቼ ትቼዋለሁና አስታርቁኝ ብሎናል።"

ሸሽቼ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የነገሯቸው ይህን ነው። ኦቦ ደገፋ ጉልበታቸውን ጨብጠው ወለሉን ያያሉ።

ጥቁር የለበሱት ሰው ተነሡ። "እኔ ገመቹ ነኝ" አሉ፤ "የለሚ አባት። ድንጋዩ የልጄ ነው። እሱ የለምና እኔ ልክስህ መጣሁ።" አንድ እርምጃ ወደ እኔ ቀረቡ። "አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። እናቱ ሌሊትና ቀን ትጠይቀኛለች። ለሚ እንኳን ሰው በሬ ያለ ምክንያት መትቶ አያውቅም። ያን ሰው ምን ቢያደርገው ነው የመታው ትለኛለች። የምመልሰው የለኝም። ምን አድርገኸው ነበር?"

ዮዲት ከጓዳ በር ላይ ቆማለች። ዝም ብል ወይ እኔ ጥፋተኛ ነኝ፣ ወይ የሞተው ልጃቸው ያለ ምክንያት የሰው ዓይን የሚያፈስ ጨካኝ ነው። ብናገር ደግሞ በዚያ ዕድሜ አንድ ሽማግሌ ከመንደራቸው ፊት ይራቆታሉ። ኦቦ ደገፋ ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝ። ዓይናቸው ይለምናል። እኔም መንገድ ላይ እንደዚያው ነበር ያየኋቸው።

"ይህን የሚያውቁት ኦቦ ደገፋ ናቸው" አልኩ። "እሳቸው ይንገሩዎት።"

ኦቦ ደገፋ ዱላቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

"ልጁ ጠየቀኝ" አሉ በመጨረሻ። "ይህ ሰው ማነው አለኝ። አላውቀውም አልኩት።"

"ታውቀው ነበር?" አሉ ኦቦ ገመቹ።

"እኔ እኮ ነኝ የዳርኩት።"

"ታዲያ ለምን?"

"አውቀዋለሁ ብል ደላላህ ነው፣ መሬት ሸጠህ ነው ሊሉኝ ነው። መሬቴን አጣሁ፤ መንደሬንም ልጣ? እሱ አገር አለው አልኩ። ቢመቱትም አገሩ ይገባል። እኔ የት እሄዳለሁ?"

ኦቦ ገመቹ ወደሳቸው አልዞሩም። እኔን ነው የጠየቁት። "ለሚ ይህን ሰምቶ ነው የሞተው?"

"አልሰማም።"

"አልጠየቀህም?"

"ጠይቆኛል። ያውቁሃል ወይ አለኝ። አያውቁኝም አልኩት።"

ኦቦ ገመቹ መጥተው ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ያዙና ፋሻው ላይ ሳሙኝ። "ገለቶሚ" አሉ፤ አመሰግናለሁ። ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ሁለቱ አዛውንት ተያይተው ተነሡ፤ ምርቃት እንኳ ሳያሳርፉ ተከተሏቸው። የመጡበት መኪና ሞተር ተነሥቶ ሄደ።

ኦቦ ደገፋ ብቻቸውን ሶፋዬ ላይ ቀሩ።

"ጥለውኝ ሄዱ" አሉ እንደ ሕፃን። "ማቴዎስ፣ እንዴት አድርጌ ነው የምሄደው?"

"መንገዱን ያውቁታል" አልኩና በሩን ከፈትኩላቸው።

ዮዲት ከመስኮቱ ሆና አይታቸዋለች። እኔ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከሰው ነው። መንደሩ አልሰደባቸውም፤ አልነካቸውም። ሰላምታ ብቻ አቆመ። ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ እድሩ ግዴታው ነውና ቀበረ፤ ከቀብር መልስ ግን ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አልነበረም አሉ። የፈሩት ይህንኑ ነበር። የፈሩት ደረሰባቸው፤ ገንዘቡ ግን ከነትርፉ ሙሉ ነው።

እኔ ዛሬም የሰው ገንዘብ አማክራለሁ፤ ውክልና ግን ከማንም አልቀበልም። ቁጭ ብዬ አስተምራለሁ፤ ፊርማው የባለቤቱ ነው። የሰው ሁሉ ገንዘብ አንድ ቦታ እንዳይጠፋ ስበታትን የኖርኩ ሰው፣ የራሴን ነፍስ አንድ ሰው አፍ ላይ አስቀምጬ ነበር። ይህን የትኛውም ውል አይጠብቀውም።

አንባቢዎቼ፣ "ሽማግሌ ናቸው፣ ብትሸፍንላቸው ምን ነበር?" የሚሉኝ አሉ። "ይበላቸው" የሚሉም አሉ። የሞተን ልጅ ስም ለማጥራት በሕይወት ያለን ሽማግሌ መጣል ይገባ ነበር ወይ? እኔ ስመልሰው አንድ ቀን አዎ፣ አንድ ቀን አይ እላለሁ። ኦቦ ገመቹን በዓመት አንድ ጊዜ ለልጃቸው መታሰቢያ ሄጄ አያቸዋለሁ። ኦቦ ደገፋ ደግሞ በዓል በመጣ ቁጥር ይደውሉልኛል። ስማቸው ስልኬ ላይ እስኪጠፋ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። እስከዛሬ አላነሣሁላቸውም።